የፋሲካ ሰሞን በቤታችን፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

የዐቢይ ጾም ሊጠናቀቅ ሲቃረብ ወደዚህ ዓምድ የሚላኩ ጥያቄዎች በአብዛኛው ወደ ጓዳ ያዘነብላሉ። ዘንድሮም እንዲሁ ሆኗል። ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ብዙ ሰው የሚጋራቸውን አምስት ጥያቄዎች መርጠን አቅርበናል። አንዳንዶቹ ሰፊ ማብራሪያ የሚፈልጉ ስለሆኑ መልሱም በዚያው ልክ ረዝሟል።

ጥያቄ፦ «ከተጋባን ሰባት ወራችን ነው፤ በራሳችን ጎጆ የምናከብረው የመጀመሪያው ፋሲካ ደርሷል። እናቴ የምትኖረው ጎጃም ስለሆነ ዘንድሮ መምጣት አልቻለችም። በልጅነቴ አጠገቧ ተቀምጬ ሽንኩርት ስልጥላት አድጌአለሁ፤ ነገር ግን ዶሮ ወጥን ከመነሻው እስከ መድረሻው ብቻዬን ሠርቼ አላውቅም። ለገና ሞክሬ ወጡ ቀጠነብኝ፣ ሽንኩርቱም ሳይሟሟ እንዳለ ቀረ። እኛ ሁለት ብቻ ስለሆንን ግማሽ ዶሮ ይበቃናል ወይስ ሙሉውን ልሥራ? ሥራውንስ መቼ ልጀምር?»

መልስ፦ ሙሉውን ይሥሩ። ቁሌት በጥቂት ሽንኩርት ሲሠራ ድስቱ ቶሎ ይደርቅና ያራል፤ ያን ፈርቶ ውሃ መጨመርም ይመጣል። ብዙ ሽንኩርት ግን በራሱ እርጥበት ቀስ እያለ ይበስላል። ከዚህም ሌላ የፋሲካ ዶሮ በ12 ብልት የሚወጣ፣ ብዙዎችም ቁጥሩን ከ12ቱ ሐዋርያት ጋር የሚያያይዙት የማዕድ ሥርዓት ያለው ምግብ ነው፤ መላላጫው፣ ፈረሰኛው፣ ክንፉና አንገቱ እየተለየ የሚወጣውም ለማን ምን እንደሚደርስ ታስቦ ነው። ከሙሉው ዶሮ የሚተርፈው ደግሞ ብቻቸውን ለሚኖሩ ጎረቤት ወይም ዘመድ ለሌለው ሰው ይደርሳል። ለሁለት ሰው ብላችሁ የሠራችሁት ወጥ እንግዳ ሲገባ ያሳቅቃችኋል፤ በፋሲካ ደግሞ እንግዳ ሳይጠራም ይመጣል።

ለገና የገጠመዎት ችግር መነሻው ሽንኩርቱ ይመስለኛል። ሽንኩርት አብዛኛው ክፍሉ ውሃ ነው። በትልልቁ ተከትፎ ድስት ውስጥ ከገባና ገና በጠዋቱ ዘይት ወይም ውሃ ከተጨመረበት፣ ውጭው ለስልሶ ውስጡ እንደ ጠነከረ ይቀራል፤ የያዘውንም ውሃ ዘግይቶ ወጡ ውስጥ ስለሚለቅ ወጡ ይቀጥናል። ስለዚህ ለአንድ መካከለኛ ዶሮ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት በጣም አድቅቀው ይክተፉና ምንም ሳይጨምሩ በደረቁ ወፍራም ድስት ውስጥ ያቁላሉት። እሳቱ መካከለኛ ይሁን፤ እጅዎ ከማማሰያው አይራቅ። በመጀመሪያ ውሃውን ይለቃል፣ ቀጥሎ ውሃው ይተንናል፣ ከዚያ በኋላ ቀለሙ ወደ ቡናማ ሲያደላ የሽታው ስለት ጠፍቶ ጣፋጭ ሽታ ይመጣል። ይህ አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል፤ ማሳጠር የሚቻልበት መንገድ ስለሌለ አስቀድመው ይወቁት።

በርበሬው የሚገባው ሽንኩርቱ እንደ ገንፎ ሲያያዝ ነው። ሁለት የቡና ስኒ ያህል በርበሬ ለመነሻ ይበቃል፤ ቀሪውን ምላስዎ ይወስን። በርበሬው ከገባ በኋላ ትኩስ ውሃ ጠብ እያደረጉ ቢያንስ 45 ደቂቃ ያህል ያብስሉት፤ በደንብ ያልበሰለ በርበሬ ጥሬ ጥሬ ይላል፣ ሆድም ያቃጥላል። እናቴ ቁሌት መድረሱን የምታውቀው በጆሮዋ ነበር። ጀርባዋን ለምድጃው ሰጥታ እህል እየለቀመች ሳለ ድንገት «ደረሰ» ትለን ነበር። ስትነግረን፣ ውሃ ያለበት ቁሌት ቸር ቸር ይላል፤ የደረሰው ግን ድምፁ ወፍሮ ቡጭ ቡጭ ማለት ይጀምራል። ድስትዎ አጠገብ ቆመው ይህን ልዩነት አንድ ጊዜ ከሰሙት ከዚያ ወዲያ አይጠፋዎትም።

ከዚህ በኋላ የተነጠረ ቅቤ፣ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይገባል፤ ጥቂት ሲቁላላ ዶሮው ይከተላል። ዶሮው ቆዳው ተገፎ፣ ብልቱ ወጥቶ፣ በሎሚና በጨው ተደጋግሞ የታጠበ መሆን አለበት። ዶሮ ያጠቡበትን ሳፋ፣ ቢላዋና መክተፊያ በሳሙናና በትኩስ ውሃ ሳያጥቡ ለሰላጣ ወይም ለአይብ አይጠቀሙበት፤ በበዓል ማግስት የሚመጣ የሆድ ሕመም አንዱ ምንጭ ይኸው ነው። የሐበሻ ዶሮ ከእርባታው ዶሮ ይልቅ ጠንካራ ስለሆነ ለመብሰል ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። እንቁላሉ ተቀቅሎ፣ ተልጦ፣ ወጡ እንዲገባበት ጎን ለጎኑ በቢላዋ በስሱ ተሰንጥቆ በመጨረሻ ይጨመራል፤ ኮረሪማና መከለሻም ድስቱ ሊወጣ ሲል ነው። ወጡ መብሰሉን ቅቤው ወደ ላይ ሲንሳፈፍ ያዩታል።

አሁን ወደ ቀኑ እንምጣ። የፋሲካ ወጥ ከሌላው በዓል ወጥ የሚለይበት አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ የሚሠራው በጾም ላይ ስለሆነ ሠሪዋ አትቀምሰውም። ልምድ ያላት ሴት ጨው በእጇ ትመጥናለች፤ እርስዎ ግን በማንኪያ ይመጥኑ፤ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ያነሰ አድርገው ይጀምሩና ቀሪውን ሌሊት ጾሙ ሲፈታ ቀምሰው ይጨምሩ። ያነሰ ጨው ይታረማል፤ የበዛ ግን ያስቸግራል። ዕቃ የመግዛቱን፣ ቅቤ የማንጠሩንና በርበሬ የማዘጋጀቱን ሥራ ከሰሙነ ሕማማት በፊት ይጨርሱ። ሐሙስ ጉልባን የሚቀቀልበት ነው፤ ዓርብ ስቅለት ስለሆነ ቀኑ የስግደት ነውና ምድጃዎን ይተውት። ቅዳሜ ማለዳ ሽንኩርት መክተፍ ይጀምሩ፤ ባለቤትዎም አብሮዎት ይክተፍ። ከቀትር በኋላ ዶሮው ይታረዳል፤ እስከ ምሽት ወጡ ይደርሳል። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ማሞቅ ብቻ ይቀርዎታል። ሥራው ላይ ሳሉም ለእናትዎ ይደውሉ፤ ስልኩን ድስቱ አጠገብ ያስቀምጡት።

ጥያቄ፦ «የቢሮ ሠራተኛ ነኝ፤ ቤቴ የምገባው ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ነው። እናቴ በሕይወት ሳለች ለፋሲካ ጠላ ከቤታችን አይታጣም ነበር፤ እኔ ግን ገዝቼ ነው የማቀርበው። ልጆቼ የጠላን ጥንስስ ሽታ እንኳ አያውቁትም። በሥራ ላይ ያለች ሴት ጠላ መጥመቅ ትችላለች? ስንት ቀንስ ይፈጃል?»

መልስ፦ ይቻላል። ጠላ የሚፈልገው ረጅም ጊዜ እንጂ ረጅም የሥራ ሰዓት አይደለም፤ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው እንስራው ራሱ ነው። ሁለት ሳምንት ይመድቡ። ለማስታወስ እንዲቀልዎት በጾሙ ሳምንታት ስም ይቁጠሩት። ከፋሲካ ሁለት እሑድ ቀደም ብሎ ኒቆዲሞስ ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ ሆሣዕና ይመጣል። በኒቆዲሞስ ቅዳሜ ወይም እሑድ ይጠንስሱ፤ በሳምንቱ መካከል በአንድ ምሽት ብቅሉንና ቂጣውን ይጨምሩ፤ በሆሣዕና እሑድ ደግሞ ውሃ ጨምረው ያቅጥኑትና ከድነው እስከ በዓሉ ይተውት።

የሥራው ዝርዝር ከአገር አገር፣ አንዳንዴም ከቤት ቤት ስለሚለያይ የእናትዎን አሠራር የሚያውቁ አክስት ወይም ጎረቤት ካሉ እነርሱን ያስቀድሙ። በአጠቃላይ ግን የተወቀጠ የጌሾ ቅጠል በውሃ ይዘፈዘፋል፤ ይህ ጥንስሱ ነው። ጌሾው ለጠላው ምሬትንና ጠረንን ይሰጠዋል። ከጥቂት ቀናት በኋላ የገብስ ወይም የስንዴ ብቅል ዱቄት፣ ቀጥሎም ተጋግሮ የተቆራረሰ ቂጣ ይገባበታል። ከዚያ እንኩሮው፣ ማለትም በምጣድ የታመሰው የእህል ዱቄት፣ ከጌሾ እንጨት ጋር ተጨምሮ ወፍራሙ ድፍድፍ ይሆናል። ብቅሉ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣል፤ እርሾው ደግሞ ስኳሩን ወደ አልኮል። ድፍድፉ ሲፈላ የሚሰማው ፍሽ ፍሽታም ከዚሁ የሚወጣ አየር ነው፤ ልጆችዎን ጠርተው ጆሯቸውን ወደ እንስራው አፍ እንዲያስጠጉ ያድርጉ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የእንስራው ንጽሕና ነው። ጠላ ሆመጠጠ ሲባል ጥፋቱ በአብዛኛው ከዕቃው ነው። እንስራው በግራዋ ቅጠል ውስጡ እስኪጠራ ይታሸ፣ ብዙ ጊዜ ይለቅለቅ፣ ከዚያም በወይራ ጭስ ይታጠን። ወይራው ተቀጣጥሎ ነበልባሉ ከጠፋ በኋላ እንስራው በአፉ ተደፍቶበት ጭሱን ይጠጣል። ለጠላው ያንን የተወደደ ጠረን የሚሰጠው ይህ እጣን ነው። በፕላስቲክ ዕቃ የሚጠምቁ ሰዎች አሉ፤ ለምግብ ተብሎ የተሠራ ከሆነ ይቻላል፤ ቀለም ወይም ኬሚካል ይዞ የነበረ በርሜል ግን በምንም መንገድ አይጠቀሙ።

ጠላ የሚያሰክር መጠጥ ስለሆነ ለልጆቹ ለየት ያለ ነገር ያዘጋጁላቸው። ማር በውሃ ተበጥብጦ ሳይፈላ የሚጠጣው ብርዝ ለእነርሱ ይበቃል፤ ትልቁም ሰው ይወደዋል።

ጥያቄ፦ «55ቱን ቀን ጹሜ በፋሲካ ሌሊት ስፈታ ሁልጊዜ ሆዴን ያመኛል። ከዶሮው ጋር ጥሬ ሥጋም እወዳለሁ። መጾም ባልተውም ሕመሙ በዓሉን ያበላሽብኛል። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ ወደ ሁለት ወር ለሚጠጋ ጊዜ ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል ያልቀመሰ ሆድ በአንድ ሌሊት ይህ ሁሉ ሲወርድበት ቢቸገር አያስደንቅም። አባቶቻችንና እናቶቻችን ተልባ የሚያስቀድሙት ይህን አውቀው ነው። ተልባው ታምሶ፣ ተፈጭቶ፣ በውሃ ተበጥብጦ፣ ተጠልሎ ጥቂት ማር ይገባበታል፤ የሚያሟልጨው ባሕርዩ ለባዶ አንጀት ምቹ ነው። ከተልባው በኋላ ጥቂት እንጀራ በዶሮ መረቅና አንድ እንቁላል ይቅመሱና ይተኙ፤ ትልቁን ማዕድ ቀትር ላይ ከቤተሰቡ ጋር ይብሉ። ሕመሙ ቅባት በበሉ ቁጥር በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንት ሥር የሚሰማ ከሆነ ግን የሐሞት ጠጠር ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይይዎት።

ስለ ጥሬ ሥጋው እውነቱን ልንገርዎት፤ የኮሶ ትል ወደ ሰው የሚገባው ከጥሬ ወይም በደንብ ካልበሰለ የበሬ ሥጋ ነው። አገሬው ኮሶ የሚባለውን ዛፍ አበባ እንደ መድኃኒት ሲጠጣ የኖረውም ለዚሁ ነው። በቅርጫ የሚካፈሉት በሬ በእንስሳት ሐኪም የተመረመረ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ያልተመረመረ ከሆነ የርስዎን ድርሻ ጠብሰው ይብሉት። ቅርጫ ራሱ ግን በጣም የምወደው ልማድ ነው። ጎረቤት ገንዘብ አዋጥቶ አንድ በሬ ይገዛል፤ ሥጋው ከእያንዳንዱ ብልት ለሁሉም እኩል ይደርስ ዘንድ በጥንቃቄ ይመደባል፤ ከዚያም ዕጣ ይጣላል። ብቻውን በግ መግዛት የማይችል ሰው በቅርጫው እኩል ባለ በዓል ይሆናል።

ጥያቄ፦ «ከ20 ዓመት በላይ ግድግዳ ተጋርተን የኖርነው ጎረቤታችን ሙስሊም እናት ናቸው። በዒድ ጊዜ ለልጆቼ የሚበላ ይልካሉ፤ በሐዘንም በደስታም ከእኛ አልተለዩም። እኔ በፋሲካ ቡና ብቻ ነው የማቀርብላቸው። ዘንድሮ የ12 ዓመት ልጄ "እኛ ስንበላ እርሳቸው ለምን ዝም ብለው ይቀመጣሉ?" ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አጣሁ።»

መልስ፦ ልጅዎ ትክክለኛ ጥያቄ ጠይቋል፤ ጥያቄውም አዲስ አይደለም። ክርስቲያኑ የሙስሊሙን፣ ሙስሊሙም የክርስቲያኑን እርድ የማይበላ በመሆኑ ወላጆቻችን መፍትሔ አበጅተውለት ኖረዋል። በእናቴ ጓዳ ከመደርደሪያው ከፍ ካለው ቦታ ላይ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለ አንድ ድስት፣ አንድ ቢላዋና ሁለት ሳህን ነበር። እኛ ልጆች እንዳንነካው በጥብቅ ታዘን ነበር፤ የእማማ ዕቃ ይባላል፣ ባለቤቷ ሙስሊሟ ጎረቤታችን ነበሩ። የበዓል ዋዜማ ሲሆን እናቴ ለእርሳቸው የተገዛውን ዶሮ በሕይወቱ ትወስድላቸዋለች፤ ልጃቸው ያርደዋል፣ እርሳቸውም በዚያ ድስት እኛ ቤት መጥተው ከእናቴ ጎን ለጎን ይሠሩታል። ሁለት ምድጃ፣ ሁለት ድስት፣ አንድ ጨዋታ። በወሎም ይሁን በሌላ ሁለቱ ሃይማኖቶች ተቀላቅለው በሚኖሩባቸው አካባቢዎች ያደገ ሰው ይህን የመሰለ ነገር ያውቃል።

ስለዚህ ከበዓሉ ጥቂት ቀናት አስቀድመው ወደ እርሳቸው ይሂዱና ምን ቢዘጋጅላቸው እንደሚወዱ ራሳቸውን ይጠይቁ። በግምት ከሚያቀርቡላቸው ይልቅ ይህ ይበልጥ ያስደስታቸዋል። ዶሮውን በሕይወቱ መውሰድ ያስቸግራል የሚሉ ከሆነ ከሙስሊም ሥጋ ቤት የተገዛ ሥጋ በአዲስ ወይም በእርሳቸው ድስት ይሥሩ። ሥጋውን ጭራሽ ቢተዉትም ማዕዱ ባዶ አይሆንም። በኮባ የተጋገረ ድፎ ዳቦ፣ ማር፣ ሰላጣና ፍራፍሬ ይቀርባል፤ ቅቤ የሌለበት ምስር ወይም ሽሮ በንጹሕ ድስት መሥራትም ከባድ አይደለም። ጠላና ጠጅ በሚቀዳበት ሰዓት ለእርሳቸው ብርዝ በተለየ ብርጭቆ ይቅዱላቸው፤ ጠላ የነካውን ዕቃ አይጠቀሙ። ዳቦውን እርሳቸው እንዲቆርሱ ቢጋብዟቸው፣ ልጅዎም መሶቡን ይዞ ቢቀርብላቸው መልካም ነው።

የፋሲካ ጾም ከረመዳን ጋር የሚገጥምባቸው ዓመታትም ይመጣሉ። ያን ጊዜ እርሳቸው ቀኑን ጾመው ስለሚውሉ ቡና እንኳ ማቅረብ አይገባም፤ ለአፍጥር የሚሆን ነገር አዘጋጅተው ፀሐይ ሳትጠልቅ ልጅዎን ይላኩት።

ጥያቄ፦ «የምኖረው ጀርመን አገር ነው፤ የ6 እና የ9 ዓመት ልጆች አሉኝ። የእኛ ፋሲካ የትምህርት ቤታቸው ዕረፍት ላይ የማይውልበት ዓመት ይበዛል፤ ለምን እንደሚለይ ሲጠይቁኝ በቅጡ አላስረዳቸውም። ቄጤማ የለም፣ ኮባ የለም፣ ዶሮም በቤት አይታረድም። በአፓርታማ ውስጥ ልጆቹ የሚያስታውሱት ፋሲካ እንዴት ይደረጋል?»

መልስ፦ ከቀኑ ልጀምር። ምዕራባውያን ፋሲካን የሚያሰሉት በጎርጎርዮስ የዘመን አቆጣጠር ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ግን ባሕረ ሐሳብ በሚባለው ጥንታዊ ስሌት ትሄዳለች። ሁለቱ አንዳንድ ጊዜ ይገጥማሉ፤ በ2017 ዓ.ም. ሁለቱም ሚያዝያ 12 ቀን ውለዋል። በ2018 ግን የምዕራባውያኑ መጋቢት 27፣ የእኛ ደግሞ ሚያዝያ 4 ቀን ነው። ልጆቹ ሁለት የቀን መቁጠሪያ ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ሰቅለው ሁለቱን እሑዶች በቀለም ቢያከብቡ ከብዙ ማብራሪያ ይሻላል። የእኛ ፋሲካ ሁልጊዜ እሑድ ስለሆነ ትምህርት ቤት እንቅፋት አይሆንባችሁም፤ የሚያስቸግረው በማግስቱ ሰኞ በጠዋት መነሣቱ ነው።

ቄጤማውን በተመለከተ ብዛቱ ላይ አይጨነቁ። በቀዳም ሥዑር ካህናት ቄጤማ እየያዙ ለምእመናን ያድላሉ፤ ሰውም በራሱ ላይ ያስረዋል። ይህም በጥፋት ውሃ ጊዜ ርግቢቱ ለኖኅ ቅጠል ይዛ የመጣችበትን የምሥራች የሚያስታውስ ነው። ታሪኩን ለልጆቹ ቅዳሜ ይንገሯቸውና ከአበባ መሸጫ የሚገኝ ረጅም ሣር ወይም ለምለም ቅጠል በራሳቸው ላይ ይሰሩላቸው፤ ቀሪውን ማዕዱ ሥር ይጎዝጉዙት። በአቅራቢያዎ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ካለ ደግሞ ቄጤማውን ከካህኑ እጅ ይቀበሉ። ለኮባ ምትክ የሙዝ ቅጠል አለ፤ እንሰትና ሙዝ ዘመዳሞች ናቸውና የቅጠላቸውም ጠረን የተቀራረበ ነው። በእስያ ምግብ መደብሮች ቀዝቅዞ ይሸጣል። ቅጠሉን አፍልተው ወይም በእሳት ላይ አሳልፈው ካለዘቡት በኋላ ድስቱን ያልብሱበት፣ ሊጡን ይገልብጡበት፣ ከላይም ይክደኑት፤ በምድጃው ውስጥ በመካከለኛ ሙቀት ይጋገራል።

ለልጆቹ የራሳቸው ሥራ ይስጧቸው። የ6 ዓመቱ የተቀቀለ እንቁላል ሊልጥ ይችላል፤ ነጩ ሲቦጫጨቅበት ዝም ይበሉት፣ ሦስተኛው ላይ እጁ ይፈታል። እንቁላሉ ከተቀቀለ በኋላ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከገባ ልጣጩ ይቀልለታል። የ9 ዓመቱ ሊጡን ከእርስዎ ጋር ያቡካ፣ ሲነፋም ይጠብቅ። ዳቦው ሲወጣ የሚባርከውና የሚቆርሰው የቤቱ ታላቅ ስለሆነ ልጆቹ አጠገብዎ ቆመው ይዩ፤ የመጀመሪያውንም ቁራሽ ከእጅዎ ይቀበሉ።

አንድ ነገር በጥብቅ ላሳስብዎት እወዳለሁ። ቡናውን ባህሉን ጠብቄ ላፍላ ብለው በተዘጋ አፓርታማ ውስጥ ከሰል አያቀጣጥሉ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ቤተሰብ በእንቅልፉ እንዳለ ሊገድል ይችላል። መስኮት ገርበብ ማድረግ ዋስትና አይሆንም። ቡናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ ይቁሉ፣ ጀበናውንም እዚያው ያፍሉ፤ ለዕጣኑ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማጨሻ ይገኛል። ስኒው፣ ረከቦቱ፣ አቦሉና በረካው እንደ ነበረ ነው፤ ከቆላችሁት በኋላም ልጆቹ ሽታውን በእጃቸው ወደ ፊታቸው እንዲስቡ ያድርጉ።

ልጆቹን በትንሣኤ ሌሊት መቀስቀስ ይከብዳል የሚሉ ወላጆች አሉ፤ እኔ ግን ይቀስቅሷቸው እላለሁ። ከልጅነቴ ፋሲካ ሁሉ አልጠፋ ያለኝ ትዝታ በእንቅልፍ ልብ ሆኜ የቀመስኩት ያ የሌሊቱ ጉርሻና የእናቴ ነጠላ ላይ የነበረው የዕጣን ሽታ ነው። መብራቱን አጥፍተው ጧፍ ያብሩ፣ አብራችሁ ጸልዩ፣ ለእያንዳንዳቸው ጥቂት ያጉርሷቸው። በበጋ ሰዓት አቆጣጠር አዲስ አበባ ከጀርመን በአንድ ሰዓት ትቀድማለች፤ ስለዚህ በእናንተ ዘንድ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን በአዲስ አበባ 9 ሰዓት ነው፤ ብዙ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ገብቶ ጾም የሚፈታበት ሰዓት ማለት ነው። አያቶቻቸው በሕይወት ካሉ በዚያ ሰዓት ይደውሉላቸው፤ ልጆቹም «እንኳን አደረሳችሁ» ማለትን አስቀድመው ይለማመዱ።